የፈንታነሽ ቀኝ ጎን

ፈንታነሽ ሞጣ ከተማ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ እንደማንኛዋም ሴት ጡት ነው፤ ቀኙ የለም።

እናቷ በወሊድ ስለ ሞተች ያሳደጓት ቢቸና ያሉት አክስቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። አምስት ዓመት ሲሞላት የፈላ የንፍሮ ድስት ደረቷ ላይ ተደፋ። ከአንገቷ ሥር እስከ ቀኝ ጎኗ ተላጠች። ትሞታለች ተብሎ ቄስ ተጠርቶ ነበር፤ አልሞተችም። ቁስሉ ለመዳን ዓመት ፈጀ፤ ሲድንም ቆዳውን እንደ ደረቀ ጠፍር ሰብስቦ ቀኝ ክንዷን ወደ ጎኗ ጎተተው። በዐሥራ አራት ዓመቷ ግራው አጎጠጎጠ፤ ቀኙ ከጠባሳው ሥር መውጫ አጥቶ ቀረ። ድስቱን የደፋችው ድመት ናት ተባለ። ዘመድም ጎረቤትም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ፈንታነሽ ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ በተባዘተ ጥጥ ሞላችውና ከቀሚሷ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ግራው ሲያድግ ጥጥ ጨመረች። በሳምንት አንድ ቀን አጥባ በሯን ዘግታ ታሰጣዋለች። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ፣ ሁለቱንም ጊዜ "አሁን አልችልም" ብላ መለሰች፤ ለምን እንደማትችል አልተናገረችም። ክፍል ውስጥም ክንዷ ከትከሻዋ በላይ ስለማይሄድ የምትጽፈው በሰሌዳው በታችኛው እኩሌታ ብቻ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ለፋሲካ ቢቸና ስትመጣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ የሆነው የክሊኒኩ ድሬሰር፣ አቶ ሣህለ ማርያም፣ ቤት ድረስ መጣ። አዲስ አበባ ለኮርስ ሄዶ መመለሱ ነበር።

"አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከስዊድን የመጣ ሐኪም አለ" አላት። "ሥራው የቃጠሎ ጠባሳ ነው። የተጣበቀ አንገት ሲፈታ አይቻለሁ። ክንድሽን ይፈታልሻል።"

"ጥሩ ነው" አለች ፈንታነሽ።

ድሬሰሩ መሬት መሬት አየ። "ጡትም ይሠራል።"

"በምን?"

"ከረጢት አለው።"

"ከረጢትማ እኔም አለኝ።"

"የሱ ከቆዳ ሥር የሚገባ ነው" አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ።

ፈንታነሽ ሦስት ቀን አሰበችበትና ለአክስቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ገበያ ጌሾ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ደስታም ሐዘንም ፊታቸው ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም። "የንስሐ አባታችንን ሳንጠይቅ አይሆንም" አሉ።

የንስሐ አባታቸው መምሬ አካለ ወልድ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ጡቷን የነሣት እግዚአብሔር ነው እሳት?" ብለው ጠየቁ።

"እሳት ነው።"

"እሳት የወሰደውን ማስመለስ ክልክል ነው የሚል አላነበብኩም።" ትንሽ አሰቡና፣ "የሚገባው ነገር ግን ከምንድን ነው የተሠራው? ከእንስሳ ከሆነ የጾም ነገር አለበት። ረቡዕና ዓርብ አውልቃ አታስቀምጠው" አሉ።

ይህን የሚያውቅ ሰው ቢቸና ውስጥ ስላልነበረ ጥያቄው ከእነርሱ ጋር አዲስ አበባ ሊሄድ ሆነ።

ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ እስከ ደጀን በጭነት መኪና፣ ከደጀን በአውቶቡስ ሄዱ። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዐይናቸውን ጨፍነው ድልድዩን በጸሎት ተሻገሩ፤ ሽቅብ ሲወጡም አልገለጡትም።

ሐኪሙ ረጅም፣ ፊቱ የቀላ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የሚያስተረጉምላቸው ሲስተር ማናለሽ የምትባል ነርስ ናት። ሐኪሙ ጠባሳውን በጣቱ እየተከተለ አየ፤ ክንዷን እስከሚሄድበት ድረስ አነሣው፤ ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ ከረጢቱን አወጣ። የውሃ ጠብታ ቅርጽ ያለው፣ ዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው። ከኋላው ሥጋ እንዲይዘው ጨርቅ ተለጥፎበታል። ፈንታነሽ መዳፏ ላይ አድርጋ መዘነችው። ከጥጡ ይከብዳል።

"ከምን እንደ ተሠራ ጠይቂልኝ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ።

ሲስተር ማናለሽ ጠየቀች። "ከአሸዋ ከሚወጣ ነገር ነው ይላል።"

"አሸዋ የጾም ነው" አሉ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ሐኪሙ ቀጠለ። ጠባሳው ተቀድዶ ሲላቀቅ ቆዳ ስለሚያንስ፣ ከጎኗ በታች ካለው ደህና ቆዳ ከፊሉን አዙሮ ወደ ደረቷ እንደሚያመጣው ተናገረ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ስለ ምን ደግሞ ሌላ ቦታ ያቆስሏታል? ከኔ ይውሰዱ።" ነጠላቸውን ጥለው የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ብብታቸው ሰበሰቡ። "ያረጀ ነው፤ ግን እሳት አያውቅም።"

ነርሷ ተረጎመች። ሐኪሙ የአሮጊቷን ክንድ አክብሮ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"የሌላ ሰው ቆዳ አይይዝም ነው የሚለው፣ እማማ። በሁለት ሳምንት ሰውነቷ ይጥለዋል።"

"ሌላ ሰው አይደለሁም። አክስቷ ነኝ።"

"አክስትም ቢሆኑ።"

"እናቷ ብሆንስ?"

"እናቷም ቢሆኑ።"

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እጅጌያቸውን መለሱና ተቀመጡ።

ሲስተር ማናለሽ ወረቀት አወጣች። "አሁን የሚጠብቅሽን ልንገርሽ። በኋላ አልነገሩኝም እንዳትዪ። ስትነቂ በቅሎ የረገጠችሽ ይመስልሻል። ከጎንሽ ቀጭን ጎማ ይወጣል፤ ደም ያፈሳል፤ በአምስተኛው ቀን ይነቀላል፤ ሲነቀል ደስ አይልም። ስድስት ሳምንት በጀርባሽ ብቻ ትተኛለሽ። ከአንድ ጆግ ውሃ የከበደ ነገር አታነሺም። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ እንዳታነሺ፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ባታነሺ ወዮልሽ። በየቀኑ ጣትሽን ግድግዳ ላይ ሽቅብ እያስኬድሽ ትለማመጃለሽ። መጀመሪያ ያብጣል፤ ይጠቁራል፤ ከግራው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቀስ እያለ ይወርዳል።"

"እስከ የት?"

"እሱ እስከ ፈለገበት። ወተት አይሰጥም። ስትነኪው ላይሰማሽ ይችላል። ሊጠነክር ይችላል። ቁስሉ ካመረቀዘ ደግሞ ከረጢቱ ይወጣል።"

ፈንታነሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። "ከግራው ጋር እኩል ይሆናል?"

ነርሷ ጠየቀች። ሐኪሙ እጁን እያወራጨ ለረጅም ጊዜ ተናገረ።

"አይሆንም አለ" አለች ሲስተር ማናለሽ።

"ይህን ሁሉ ተናግሮ?"

"የቀረው ይቅርታ ነው።"

ፈንታነሽ ፈረመች።

ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀደዷት። ስትነቃ በቅሎ የረገጠቻት አልመሰላትም፤ በቅሎዋ ገና ደረቷ ላይ የቆመች መሰላት። መተንፈስ ሥራ ሆነባት። አክስቷ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከጎማው ወደ ጠርሙሱ የሚወርደውን ደም ሲያዩ ይውላሉ። በሦስተኛው ቀን "ዛሬ ከትናንት ቀንሷል" አሉ፤ ልክ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ጎማው ተነቀለ፤ ደስ አላለም።

ፋሻው የተፈታ ቀን ሲስተር ማናለሽ መስታወት አመጣችላት። ፈንታነሽ አየች። ቀኝ ጎኗ ጠቁሯል፤ ቢጫም ሆኗል፤ ክሩ ጥልፍልፍ ብሎ የተጣፈ ጆንያ ይመስላል። ከክሩ መካከል ግን እብጥ ያለ፣ ክብ የሆነ ነገር ተቀምጧል። አለቅሳለሁ ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላለቀሰችም። ደስታም አልተሰማትም። አንድ የማታውቀው እንግዳ ሳይጠራ ገብቶ አጠገቧ የተቀመጠ መሰላት፤ ምን እንደምትለው አላወቀችም።

"እንዴት ነው?" አለች ነርሷ።

"ገና አልተዋወቅንም" አለች ፈንታነሽ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ወጡ። ሐኪሙ ለማንኛውም ሐኪም የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጣት፤ ሲስተር ማናለሽ አንድ ትራስ ጨመረችላት። ትራሱን ደረቷ ላይ አቅፋ እንድትጓዝ ነው። እስከ ደጀን በደህና ደረሱ። ከደጀን ወደ ቢቸና ግን ክረምት ነው፤ መንገድ የሚባለው ጭቃ ነው። የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ግማሽ መንገድ ላይ እስከ አክሰሉ ሰጠመ። ሾፌሩ ወርዶ ዙሪያውን አየና፣ "ሁላችሁም ውረዱ፤ ይገፋል" አለ።

ሁሉም ወረደ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መሰንቆ የያዘ አንድ አዝማሪም ሳይቀር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ትከሻውን ከመኪናው ኋላ ሰጠ። ፈንታነሽ ትራሷን አቅፋ መንገድ ዳር ቆመች። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጇን የሰበሰበች እሷ ብቻ ናት።

"ይቺስ ወይዘሪት?" አለ አንድ በርበሬ ነጋዴ። "ትራሷን ልናስተኛላት ነው?"

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው ነጋዴውን ገፋ አድርገው ገቡ። "የሷን ፈንታ እኔ እገፋለሁ።"

"ምን ሆና ነው?"

"ደረቷን ታማ ነው።"

"ሳምባ ነው?" አለና ሰውዬው ትንሽ ፈቀቅ አለ።

"ከሳምባው ወዲህ ነው" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ። "ይግፉ።"

መኪናው በሦስተኛው ግፊት ወጣ። አክስቷ እስከ ቅንድባቸው ጭቃ ሆነው ጋቢና ሲገቡ ፈንታነሽ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግላቸው ክንዷን አነሣች። "እንዳታነሺ! ገና ሦስተኛው ሳምንት አልሞላም" ብለው እጇን መለሱባት። እስከ ቢቸና ጭቃው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

ቢቸና ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው፤ "ክንዷን አላቀቋት።" ይህ እውነት ነው። ሌላው ሁሉ በዚህ ተመለሰ። አየሁሽ የምትባለው የግድግዳ ጎረቤታቸው ግን አልበቃትም።

"ክንዷ ከሆነ ስለ ምን ደረቷን ጠቀለሏት?"

"ክንዷ የሚጀምረው ከደረቷ ነው።"

አየሁሽ የራሷን ክንድ ከየት እንደሚጀምር ዳሰሰች።

አክስቷ ፀጉሯን አበጠሩላት፣ ገላዋን አጠቡላት፣ እንደ ሕፃን ቀሚስ አለበሷት። ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ የግድግዳው ልምምድ ተጀመረ። ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጣቶቿን ሽቅብ ታስኬዳለች፤ የደረሰችበት ላይ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በከሰል ያሰምራሉ። አንዳንድ ቀን መስመሩ ከትናንቱ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ አክስቷ የትናንቱን በመዳፋቸው ያጠፋሉ።

በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ ዐሥር ቀን፣ ትኩሳት ያዛት። ቀኝ ጎኗ ቀላ፤ ሲነካ ይፋጃል። ድሬሰር ሣህለ ማርያም ተጠርቶ መጣ። የሐኪሙን ወረቀት መዝገበ ቃላት ከፍቶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ምን ይላል?" አለች ፈንታነሽ።

"ፔኒሲሊን ውጋት ይላል። ባይሻላት ከረጢቱ ይውጣ ይላል።"

"ታወጣዋለህ?"

"አላወጣም። ሲገባ የት እንደ ገባ አላየሁም።" መርፌውን አፈላ። "ደግሞ እዚያ አካባቢ አልወጋም። ብትፈቅጂ በሌላ በኩል ነው።"

ጠዋትና ማታ በዝናብ እየመጣ ወጋት። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም ከቅዳሴ መልስ ጠበል እያመጡ ፊቷን ይረጯታል። ድሬሰሩ ጠበሉን አልተቃወመም፤ ቁስሉ ላይ እንዳይደርስ ብቻ ለመነ። ፈንታነሽ ጣሪያውን እያየች ትተኛለች። ይውጣ ቢሉስ ብላ ታስባለች። አንድ ወር እንኳ ያልሞላው ነገር ነው፤ ሳይኖር ሃያ ሰባት ዓመት ኖራለች። ያም ሆኖ እንዲወጣባት አልፈለገችም፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አልገባትም።

በትኩሳቱ በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ጌሾ ይቀነጥሱ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"ድስቱን የደፋችው ድመት አይደለችም።"

"አውቃለሁ፣ እቴቴ።"

እጃቸው ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ድመት አልነበረንም እኮ።"

"አልነበረንም?"

"ድመቷን ያመጧት እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አይጥ በዝቶ።"

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አሰቡ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድመት ናት ስል፣ 'ምን ድመት አላችሁ?' ያለኝ አንድ ሰው የለም።" አንድ ቅንጣት ቀነጠሱ። "አንደኛው ጉልቻ ተሰብሮ ነበር። በሁለቱ ላይ አስደግፌ ጣድኩት። አንቺ እሳቱ ዳር ነበርሽ። እኔ አጥሩ ጋ ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ወሬ ልሰማ ነው። ምን ወሬ እንደነበረ አሁን አላስታውሰውም። ብዙ ጊዜ ላስታውሰው ሞክሬያለሁ። ትልቅ ነገር ቢሆን አስታውሰው ነበር።"

ዝናቡ ቀጠለ። ፈንታነሽ አክስቷ ሆስፒታል ውስጥ ክንዳቸውን ገልጠው የቆሙበትን ጊዜ አስታወሰች። የምትለው ቃል ፈለገች፤ የመጣላት ሁሉ ወይ በዛ ወይ አነሰ።

"እቴቴ፣ ትኩሳቴን ይዩልኝ" አለች።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ተነሥተው መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ። ትኩሳት ለማየት ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም። እጃቸው ጌሾ ጌሾ ይሸታል። መዳፋቸውም ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቆየ።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ድሬሰሩ ዐሥረኛውን ቀን እስኪጨርስ መውጋቱን አላቋረጠም። መቅላቱ ጠፋ፤ ከረጢቱም በቦታው ቀረ። ነገር ግን ጠነከረ። ጳጉሜን ሲገባ የከሰሉ መስመር ከበሩ ጉበን በላይ ደርሶ ነበር።

ወደ ሞጣ ከመመለሷ በፊት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ "እስቲ አሳዪኝ" አሉ። ፈንታነሽ ደረቷን ገልጣ ብርሃን ላይ ቆመች። ግራው እንደ ወትሮው ዝቅ ብሏል። ቀኙ በጠባሳ ተከብቦ፣ ጠንከር ብሎ፣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

አክስቷ ከሁለቱም በኩል ዞረው አዩት። "ቀኙ ሹመት የተሰጠው ይመስላል" አሉ።

ፈንታነሽ ሣቀች። ስትሥቅ ጎኗን አመማት፤ አላቆመችም።

ሞጣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አንድ ነገር ጠብቃ ነበር። ምን እንደሆነ በትክክል ባታውቅም፣ ሰው አይቶ ቆም የሚል መስሏት ነበር። ማንም አልቆመም። ዲሬክተሩ "ክረምቱ ተስማምቶሻል" አሉ፤ ይህን የሚሉት ለሁሉም አስተማሪ ነው። ፈንታነሽ ቀኑን ሙሉ አስባ ነገሩ ገባት። ሰው የሚያየው ቀሚሷን ነው፤ ቀሚሷ ደግሞ ድሮም በሁለቱም ወገን ሙሉ ነበር። ሲስተር ማናለሽ ጎማውን ነግራታለች፣ ሕመሙን ነግራታለች፤ ማንም እንደማያስተውል ግን አልነገረቻትም። ለውጡን ያየችው ሁለተኛ ክፍልን የደገመች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ፈንታነሽ የሳምንቱን ቀናት ስታስተምር ከሰሌዳው ላይኛ ጫፍ "እሑድ" ብላ ስትጽፍ፣ "እትዬ፣ ዛሬ ከላይ ጻፉ እኮ!" ብላ ጮኸች።

ከእንግዳው ጋር መተዋወቁ ቀስ በቀስ መጣ። ጠዋት ጠዋት ከሌላው ገላዋ ዘግይቶ ይሞቃል። በጎኗ ስትተኛ አንደኛው ይተኛል፣ ሌላው አይተኛም። ጣቷን ስታሳርፍበት እምብዛም አይሰማትም፤ ከጠባሳው ዳር አንድ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ግን ይሰማት ጀመር። እሷን ቦታ አልፎ አልፎ እየፈለገች ታገኛታለች።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያከራየቻት ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ፣ "አንቺ መቼም አትመጪም" ብላ አለፈች። ሴቶቹ እዚያው ገላቸውንም ስለሚታጠቡ ፈንታነሽ አብራቸው ወርዳ አታውቅም። ያን ቀን ልብሷን በገበታ ሰብስባ ተከተለቻቸው።

ልብሱን አጥበው ቋጥኙ ላይ አሰጡ። ሴቶቹ አውልቀው ውሃ ገቡ። ፈንታነሽ ጀርባዋን ሰጥታ አወለቀች፤ ከዚያ ጀርባ መስጠቱ ሰለቻትና ዞረች። ወሬው ቆመ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ ቀረብ አለች።

"እሳት ነው?"

"እሳት ነው። በልጅነቴ።"

"ማነው የሰፋው?"

"ሐኪም ነው። አዲስ አበባ።"

ወይዘሮ ይርጋነሽ ስፌት አዋቂ ናት። ክሩ ያለፈበትን መስመር በዐይኗ ተከተለች። "እጁ ደህና ነው። እዚህ ጫፉ ላይ ትንሽ ቸኩሏል።" ጥቂት አየችና፣ "ያምሻል?" አለች።

"ሲበርድ።"

"እንግዲያው ፀሐዩ ሳይሸሽ ታጠቢ" አለቻትና ሳሙናውን አቀበለቻት።

ወሬው ከቆመበት ቀጠለ። በዚያ ሰሞን ጤፍ ላይ ስለ ወረደው በረዶ ነበር የሚያወሩት። ፈንታነሽ ታጥባ ወጣች፤ ልብሷም እስኪደርቅ ድረስ ከሴቶቹ መካከል ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ሞቀች።